የ32 ደቂቃ ከተማ

ሰው ያሳደገችውን ከተማ የመውቀስ መብት አለውን? ባለፈው ሐምሌ ከታላቅ እኅቴ ጋር ከሴንት ፖል ተነሥቼ ወደ ሶክ ሴንተር ሳቀና ይህን ጥያቄ በሆዴ ይዤ ነበር።

ሶክ ሴንተር ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ 4,500 ያህል ነዋሪ ያላት የሚኒሶታ ከተማ ናት። መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። «ባሕር ተሻግረህ መጥተህ ደብረ ሲናን የምታህል ከተማ አሳዩኝ ትላለህ!» እያለች እኅቴ ትስቅብኝ ነበር።

የሳበኝ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 እዚህ የተወለደው ሲንክሌር ሉዊስ በ1920 «ዋናው መንገድ» የተሰኘውን ልብ ወለድ አሳተመ። የከተማዋን ስም ጎፈር ፕሬሪ ብሎ ቢለውጠውም ሶክ ሴንተሮች ራሳቸውን ለመለየት አልተቸገሩም። ለሐኪም ተድራ ከሴንት ፖል የመጣችው ካሮል ከተማዋን በ32 ደቂቃ ዞራ ትጨርሳለች፤ ያየችው ሁሉ ልቧን ያጨልመዋል። የከተማው ሰው ተቀየመ። ሉዊስ ግን በ1930 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ።

ለእኛ 32 ደቂቃ አልበቃንም። ያደገበት ቤት ዛሬ በስሙ በሚጠራው ጎዳና ላይ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። የተወቀሰው መንገድ «የመጀመሪያው ዋና መንገድ» ተብሎ ይጠራል፤ የትምህርት ቤቱ ስፖርተኞች ሳይቀሩ ስማቸውን የወሰዱት ከመጽሐፉ ነው። በ1901 ከተሠራው ከፓልመር ሃውስ ሆቴል ፊት ግን ቆም አልሁ። ሉዊስ በወጣትነቱ የሌሊት ጸሐፊ ሆኖ የሠራው እዚህ ነበር። እኔም የባንክ ጸሐፊ ነኝና፣ እጁ መዝገብ ላይ ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው አያስገርመኝም።

ለምሳ ከአንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ገባን። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አገሩ የሚታወቅበት የዱር ሩዝ ሾርባ ክሬም አለበት። ዎልአይ የሚሉት የሐይቅ ዓሣ ተጠብሶ ሲያልፍ እኅቴ «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለውን የቆየ ክርክር አነሣች፤ በመጨረሻ እርሷ ዓሣውን፣ እኔ ድንቹን በላን። አስተናጋጇን፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ መጽሐፉን አንብበውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እስከ ግማሹ» አሉኝ። «እጀምረዋለሁ፤ ከዚያ ደንበኛ ይመጣል።»

ይህን ሲሉ አክስቴ ፊቴ ድቅን አለች። ከዓመታት በፊት ስለ ደብረ ሲና ግጥም ጽፌ ነበር፤ መንገደኛ ቁርስ በልቶባት፣ ቆሎ ገዝቶባት የሚያልፋት፣ በአላፊ አግዳሚ ፍርፋሪ የምትኖር ከተማ ብዬ። ተጨበጨበልኝ። አክስቴ ደግሞ በአውቶቡስ መስኮት ቆሎ እየሸጠች እኔንና እኅቴን ያስተማረች ሴት ናት። ግጥሙን የጎረቤት ልጅ ሲያነብላት እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «ፍርፋሪ ነው ያለው?» አለች አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እርሷም አላነሣችው፤ እኔም አላነሣሁት።

ሉዊስ በ1951 ሮም ውስጥ ሞተ፤ አመዱ ግን እዚሁ በግሪንውድ መካነ መቃብር ከቤተሰቡ ጋር ዐርፏል። «ይቅር ብለውታል» አለች እኅቴ። እኔ ግን ስለ ራሴ እያሰብሁ ነበር። ከተማን መውቀስ ኃጢአት አይመስለኝም፤ ጠባብነቷንም ሐሜቷንም አይቻለሁ። ቆሎው ግን ፍርፋሪ አልነበረም። በሌሊት ተነሥታ የለቀመችው፣ የቆላችው፣ በዋጋው የሸጠችው ነው። ይህን እያወቅሁ ቃሉን የጻፍሁት ቤት ስለ መታልኝ ብቻ ነው።

ማታ ሴንት ፖል ስንደርስ ደወልሁላት። እዚያ ሊነጋ ነበር፤ ምጣዷን ጥዳ አገኘኋት። የዋልሁባትን ከተማ ነገርኋት።

«እዚያስ ለመንገደኛ ምን ይሸጣሉ?» አለችኝ።

ስለ ዓሣውና ስለ ድንቹ ነገርኋት። የሚቆላው ገብስ በስልኩ ውስጥ ይንጣጣል። ከዚያ፣ «አክስቴ፣ ያ ግጥም…» ብዬ ጀመርሁ።