ከቀለሙ ሥር

አንዳንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ያዘወትራል፤ አንዳንዱ ዳማ ይጫወታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማድ ቤት እየገባ ባለቤቱን መቈጣጠር ይጀምራል። እኔ ሦስቱንም ሞክሬያቸው አንዱም አልሆነልኝም። ሦስተኛውማ ከሁለት ቀን በላይ አልተፈቀደልኝም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን አሰላ ካለው የወላጆቼ ግቢ ጥግ ለሃያ ስምንት ዓመት የቆመችውን፣ ጎማዋ መሬት ውስጥ የሰመጠውን፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ስትታቀፍ የኖረችውን የአባቴን ላንድሮቨር ለማስነሣት ቈርጬ ተነሣሁ።

ወሬው ሲሰማ ያልሳቀ የለም። ታላቅ እኅቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ለመሆኑ አሉሚኒየም በኪሎ ስንት እንደ ገባ ታውቃለህ?» አለችኝ። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ «ቲቸር፣ በዚህ ሁሉ ወጪ አንዲት የወተት ላም አይሻልህም?» ሲል መከረኝ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እኔም በቂ መልስ አልነበረኝም። መልሱ የመጣው በኋላ ነው። የመጣውም ከጠበቅሁት ወገን አይደለም።

አባቴ ሾፌር ነበር። ይህችው መኪና በ1958 ዓ.ም. አዲስ ሆና ስትገዛ መሪዋን የጨበጠው እሱ ነው። ባለቤቷ በጭላሎ አውራጃ ሰፊ መሬት የነበራቸው ባለርስት ነበሩ፤ ልጆቻቸው በሕይወት ስላሉ ስማቸውን አላነሣም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱም፣ ትራክተሩም፣ ላንድሮቨሯም ከእጃቸው ወጣ። እሷም ከአንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየተዛወረች፣ በየደረሰችበት አዲስ ቀለም እየተቀባች ኖረች። በ1986 ዓ.ም. አልሄድም ብላ ስትቆም ለጨረታ ቀረበች፤ አባቴም ለቤታችን ጣራ ማደሻ የተጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ገዛት። እናቴ ለአንድ ወር ያህል ደኅና አላነጋገረችውም። በዚያ ክረምት ሳሎናችን ውስጥ ሦስት ቦታ ባልዲ ተደቅኖ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

የሚገርመው፣ ከገዛት በኋላ አልጠገናትም። ሾፌር ብቻ ሳይሆን እጁ የተባረከ መካኒክም ነበርና አያቅተውም ነበር። ግን ሞተሯን አንድ ቀን ሳይከፍት፣ በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በጆንያ ጨርቅ ያጥባታል። «ምን ልታደርጋት ነው የገዛሃት?» ሲባል መልሱ «ትቀመጥ» ብቻ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ያቺን ቃል ሳያብራራ ሄደ።

ላንድሮቨር ስትፈጠር የእርሻ መሣሪያ ነበረች። ሮቨር የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ላይ እርሻ ነበረው፤ እዚያም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች አሜሪካ ሠራሽ ዊሊስ ጂፕ ይነዳ ነበር። እሷን የሚተካ፣ በትራክተርና በጭነት መኪና መካከል የሆነ ነገር ልሥራ ብሎ ተነሣ። ለሙከራ የተሠራችው የመጀመሪያዋ መኪና መሪዋ እንደ ትራክተር መሀል ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለዓለም ታየች። በዚያ ዘመን ብረት በእንግሊዝ አገር በራሽን የሚታደል ስለ ነበር ገላዋን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። የሞተሯ ኃይል በዘንግ ወደ ውጭ ወጥቶ የእርሻ ማሽን እንዲያንቀሳቅስም ይደረግ ነበር። የዚህ ዘር የመጨረሻዋ መኪና ሶሊሃል ካለው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ነው።

የኛዋ «ሲሪየስ ቱ ኤ» ከሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ከተሠሩት መካከል ናት። ከፊት ጎማዋ መሀል እስከ ኋላ ጎማዋ መሀል 109 ኢንች፣ ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ፣ ቤንዚን ጠጪ። ሁለቱ የፊት መብራቶቿ አፍንጫዋ ላይ ተጠጋግተው ሲታዩ የተቈጣ ሰው ትመስላለች።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። ጋራዥ የለኝም፤ ክሪክና አራት የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበረኝ። መጀመሪያ ሞተሩ ይዞ ነበር፤ በማኖቬላ ብናዞረው ንቅንቅ አላለም። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ናፍታና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ አፈሰስሁና ሁለት ሳምንት ተውሁት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ማኖቬላውን ስንጫነው «ጭጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የአውራ ጣት ያህል ዞረ። ለዚያች የአውራ ጣት ያህል ዙር ስል ባለቤቴን ቡና አስፈላኋት።

ሰርባቶዮው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። የፍሬኑ ጎሚኒ ተሰነጣጥቋል። ሁሉንም ከሶማሌ ተራና ከምናለሽ ተራ እየለቀምሁ፣ አዲስ አበባ ስድስት ጊዜ ተመላለስሁ። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ እንግሊዛዊቷን መኪና ስንፈታ የተነጋገርነው በጣሊያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ! ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ የጋራዡን መዝገበ ቃላት ይዞ መሄድ ረስቶታል። ባለቤትነቱ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ዕቃ ስሙም እንዲሁ ነው መሰለኝ።

ትልቁ ጣጣ ሻንሲው ነበር። ገላዋ አሉሚኒየም ስለ ሆነ አይዝግም፤ ሰው ከላይ አይቶ «ደኅና ናት» ይላል። ከሥር የሚሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ውስጡም ክፍት ነው። ጭቃው በቀዳዳ ገብቶ እዚያው ይቀመጥና ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ምርመራው በመዶሻ ነው። እየመታህ ትሄዳለህ፤ ደኅናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተበላው ግን ድምፁ የፈረሰ ግድግዳ እንደ መምታት ነው። በእግራችን የምንረግጠው ወለልና ከሞተሩ የሚለየን ግድግዳም እንዲሁ ተበልቶ ነበር። ብረቱና አሉሚኒየሙ በተገናኙበት ደግሞ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ይወጣል፤ ሁለቱ ማዕድናት በርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ነው የሚበላው።

ለብየዳው አንድ ጎበዝ ወጣት አገኘሁ። መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብለን እንጫወታለን፤ ሲመጣ ይበይዳል። እኔ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ቀለም እፍቃለሁ። ከላይ ነጭ ነበር፤ ከነጩ ሥር ሰማያዊ፤ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ። የሾፌሩ በር ላይ አረንጓዴው ጋ ስደርስ ከእጄ ሥር ፊደል ወጣ። በቢጫ የተጻፈ፣ የክብ መስመር ያለው፣ የባለርስቱ ስምና የአባታቸው ስም የመጀመሪያ ፊደላት። ደስ አለኝ። «እውነተኛ መልኳ ይኸውና!» ብዬ ልጁን ጠራሁት። በዚያው ሰሞን ለሕክምና ከገጠር መጥተው እሱ ዘንድ ያረፉ አያቱም አብረውት መጥተው ነበርና እሳቸውም ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

ሽማግሌው በሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀጥሎ የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እንደሚከተለው እመልሰዋለሁ። «ፊደል አልቈጠርሁም። ይህችን ግን ማንበብ እችላለሁ።»

ታሪኩ ይህ ነው። ግንቦት 1963 ዓ.ም. ይህቺ መኪና እሳቸው የሚያርሱበት መንደር መጣች። ባለርስቱ ወርደው ስድስት አባወራዎችን ሰበሰቡና «ከዘንድሮ ጀምሮ የሚያርሰው ትራክተር ነው፤ ጎጆአችሁን አንሡ» አሏቸው። ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ሾፌሩም ከመሪው ላይ አልወረደም። ሾፌሩ አባቴ ነው።

አንባቢዬ፣ እኔ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» እያሉ መውጣታቸውን አስተምሬያለሁ። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ስለ ተቋቋመው፣ ካዱ በሚል ምሕጻር ስለሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም አስተምሬያለሁ፤ ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት እንደ ነበር፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር እንዳመጣ፣ የስንዴው ምርት እንዳደገ። መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱ ሲታወቅ ግን ብዙ ባለርስት «ለምን ከጭሰኛ ጋር እካፈላለሁ?» ብሎ ትራክተር እንዳስገባና ጭሰኛው እንደ ወጣ። «የጭሰኞችን መፈናቀል ምክንያቶች ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ፈተና ላይ አወጣ ነበር። አራት ማርክ ነበረው። መልሱ ግን ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ዶሮ ታቅፎ።

ሽማግሌው አልጨረሱም ነበር። «በሦስተኛው ቀን ሌሊት አባትህ ብቻውን ተመልሶ መጣ» አሉ። «የጎጆአችንን ማገር፣ ወፍጮአችንን፣ ልጆቻችንን ጭኖ ዘመዶቻችን ዘንድ አደረሰን። ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ገንዘብ አልጠየቀም። ቀና ብሎም አላየንም።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሲያስወጡን መሪውን የያዘው እሱ፣ ያደረሰንም እሱ። እርገመው ወይስ ልመርቀው እያልሁ ስንት ዓመት ኖርሁ!» አሉ።

ማታ እናቴን ጠየቅኋት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ይህን ግን አልረሳችም። «ያን ሌሊት ሲመጣ ልብሱ ጢስ ጢስ ይሸት ነበር» አለችኝ። የፈረሰ ጎጆ ማገር ጢስ ነው የሚሸተው። «ለምን አልነገርሽንም?» አልኋት። «እሱ ያልነገራችሁን እኔ ምን ብዬ?» አለች። ባልዲ የተደቀነበትን ክረምት አስታወስሁ። አባቴ መኪናዋን ለምን እንደ ገዛት አሁንም በርግጠኛነት አላውቅም። ግን ይዞ ሊነዳት እንዳልሆነ፣ ሌላ ሰው እንዲነዳትም እንዳልፈለገ ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ሥራውን ተውሁት። እኅቴ «ጨርሰህ ቀብተህ ገላግለን» አለችኝ። እኔን ያስቸገረኝ ግን በሩ ነበር። መኪና ማደስ ማለት ወደ ጥንት መልኳ መመለስ ከሆነ፣ የዚህች መኪና የጥንት መልኳ ያ ቢጫ ፊደል ነው። እሱን አድምቄ ልጻፈው? ወይስ ቀብቼ ልቅበረው? ሽማግሌው ለቀጠሮ ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። «ለኔ ብለህ አትቀባው፤ ለኔ ብለህም አትተወው» አሉኝ። «መኪናዋ ያንተ ናት።»

የሚበየደውን አስበየድሁ፤ የሚቀየረውን ቀየርሁ። አሉሚኒየሙ በተራ ብየዳ ስለማይያዝ በሪቬት ተያያዘ። ገላዋን አረንጓዴ ቀባኋት። በሩን ግን እንደ ተፋቀ ተውሁት፤ ነጩም፣ ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም፣ ግማሽ ፊደሉም ይታያል። ሰው ያየው ሁሉ «ቀለም አልቆበት ነው?» ይላል። አዎን እላለሁ።

ጥር 2016 ዓ.ም. ተነሣች። መጀመሪያ ነጭ ጢስ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ቀጥሎም አንድ የሚያስነጥስ ሽማግሌ የመሰለ ድምፅ አወጣች። ከዚያ ግን ረጋች። ቢጫዋን እጀታ ስትጫን አራቱም ጎማ ይሠራል፤ ቀይዋን ስትስብ እንደ በሬ ቀስ ብላ የትም ትወጣለች። ለምርመራ ወስጄ ቦሎ እስካስለጥፍባት ያየሁትን ፍዳ ግን ለሌላ ቀን ላቆየው።

በዚያ ዓመት መኸር በያጁ የአያቱን ስንዴ ከአውድማ ሊያመጣ መኪናዋን ጠየቀኝ፤ አብረን ሄድን። አሥራ አራት ጆንያ ጫንን። ለሽማግሌው የፊተኛውን ወንበር አጸዳሁላቸውና በሩን ከፍቼ ቆምሁ። እጃቸውን ዘርግተው ያንን የተፋቀውን ቦታ ዳሰሱት፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስንዴው ይሂድ» አሉ።

ቀይዋን ስቤ በቀስታ ነዳሁ። በመስተዋቱ አያቸዋለሁ፤ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከኋላችን በአቧራው ውስጥ በእግራቸው ይመጡ ነበር።