ሦስት እግር አክርማ

ጫንጮ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አገሩ የሣር አገር ነው፤ ድርቆሹ በመኪና እየተጫነ ለከተማ ከብት ይሄዳል። እናታችን ግን የስፌት ሣር የሚያጭዱበት ስፍራ አጡ፤ መስኩ ታጥሯል፥ ቤትም ተሠርቶበታል። ለልጃችን ሠርግ የሚሆን ሞሰብ ጀምረው ወስፌውን እንደ ሰኩ አስቀመጡት። ዓይናቸውም ከዕለት ወደ ዕለት ይደክም ነበር።

የስፌቱ ውስጥ አክርማ ነው፤ በላዩ የሚጠመጠመው ስንደዶ ሲሆን፥ ቀለም ሲነከር አለላ ይባላል። ስንደዶስ አልጠፋም፤ ከገበያ ያገኘነው አክርማ ግን አጭርና ተሰባሪ ሆነ።

ስለዚህ ከመንገድ ዳር ሦስት እግር አክርማ ነቅለን በጓሮአችን ተከልን፤ እንደ ጎመንም ጠዋት ማታ ውኃ አጠጣነው። ክረምት ገብቶ መረሬው ውኃ ባቆረ ጊዜ፥ ፍልሰታ ሳይገባ ሁለቱ በሰበሱ። መምህር ነን ብለን እናታችንን አልጠየቅናቸውም ነበር።

«ልጄ፥ እርሱ የሜዳ ነው፤ ውኃ ምን ያደርግለታል?» አሉን።

የተረፈውን ከነሥሩ ከፋፍለን ከአጥሩ ሥር፥ ውኃ በማይቆምበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ተከልነው። ሥር ከያዘ ወዲህ አላጠጣነውም። በበጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ጎመናችን ሲጠወልግ፥ እርሱ እንደ ቆመ ሰነበተ። የጠና ቅጠሉ ብርቱ ነውና ላማችን እንኳ አሽትታ ትተወዋለች።

በሁለተኛው ዓመት በጥቅምት እናታችን በእጃቸው እየዳሰሱ አጨዱት። አሁን የሞሰቡ ክዳን ብቻ ቀርቷል፤ የአለላውን ቀለም እየለየች የምታቀብላቸውም ሙሽራይቱ ራሷ ናት።