ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ስለሚለው

የኔ ዓለም ምንትዋብ፣

እናትሽ በርበሬና ቅቤ አዘጋጅታ ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው እየፈለገች ነው። በስልክ «መኪናዬ ወደ ግቢ ስትታጠፍ ቀጭ ቀጭ ትላለች» ካልሽኝ ወዲህ ግን እኔ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም። የጻፍሁልሽ መካኒኩ ፊት አውጥተሽ እንድታነቢው ነው።

ቪትዝሽን የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ናቸው። ከካምቢዮው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ አንድ አንድ አክስል ይሄዳል፤ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ደግሞ ጎማው ሲታጠፍም ሲዘልም ኃይል ሳይቋረጥ የሚያልፍበት ጆይንት አለ። በጎማው በኩል ያለው የውጭው ጆይንት ውስጥ ስድስት የብረት ኳሶች ግራሶ ውስጥ ይንከባለላሉ። የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ነው፤ በኔ ቢሆን ሐውልት ይቆምለት ነበር። ግራሶው እንዳይፈስ የሚይዘው እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ላስቲክ ነው።

መዘዙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ርካሽ ላስቲክ ነው። ይሰነጠቅና ግራሶው ይረጫል፤ በምትኩ የክረምቱ ጭቃና አሸዋ ይገባል፤ ከዚያ ብረት ብረትን ይበላል። ድምፁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ዘይት ባስቀየርሽ ቁጥር ላስቲኮቹን አስፈትሺ። በመሀሉም መሪውን እስከ ጥግ አጥፈሽ አቁሚና ከጎማው ኋላ በባትሪ እዪ፤ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ቅባት ከተረጨ ላስቲኩ ተቀዷል።

አሁን ሰው በሌለበት ሜዳ፣ መስኮት ከፍተሽ፣ መሪውን አጥፈሽ ቀስ እያልሽ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዙሪ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ስትታጠፊ ብቻ ከሆነ የውጭው ጆይንት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ስትሰጪ የሚንቀጠቀጥ፣ ስትለቂ የሚተው ከሆነ የውስጠኛውን ጠርጥሪ። ሳትታጠፊም ከፍጥነቷ ጋር እየጨመረ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ «አክስል ይቀየር» ቢሉሽ አትቸኩዪ።

ላስቲኩ ተቀዶ ድምፅ ገና ካልጀመረ ጆይንቱን ፈትቶ ማጠብ፣ አዲስ ግራሶና ላስቲክ ማድረግ ይበቃል። አንዴ መንቋቋት ከጀመረ ግን «ግራሶ ልጨምርና ዝም ላሰኘው» የሚልሽን አትስሚ። የሙያ ወንድሞቼ ይቅር ይበሉኝ፤ ድምፁ ለጊዜው ቢደበቅም የተበላ ብረት አይድንም።

እስኪሠራ ድረስ ከከተማ አትውጪ። አክስሉ ከተቆረጠ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ይህን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም፦ አንዱ አክስል ተቆርጦ ካምቢዮውን «ፒ» ላይ ብታደርጊም ቁልቁለት ላይ ልትንሸራተት ትችላለች። የእጅ ፍሬን ያዢ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጊ።

ወደፊት ውኃ የያዘ ጉድጓድ ስታዪ ጥልቀቱን አትገምቺ፣ ቀስ በዪ። ጭቃ ከያዘሽ መሪውን ጥግ ድረስ አጥፈሽ ነዳጅ አትርገጪ፤ ጆይንቱን የሚሰብረው እሱ ነው። መጀመሪያ ጎማዎቹን አቅኚ።

ዋጋ ሲነግሩሽ ከመስማማትሽ በፊት ደውዪልኝ። ከተቀየረም አሮጌውን እንዲመልሱልሽ ጠይቂና ለመስቀል ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ፤ የቱ ኳስ እንደተበላ ፈትቼ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ