ቤቶች፣ ውሻ ያዙ!

ልጅ ሆነን ባሕር ዳር አጠገብ ባለው ሰፈራችን በሰባታሚት እንግዳ ሲመጣ ዘው ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «ቤቶች፣ ውሻ ያዙ!» ይላል። አንዳችን ሮጠን ውሻውን አንገቱን እንይዛለን፤ እንግዳው በዱላው መሬቱን መታ መታ እያደረገ ያልፋል። አሁን ስልክ ይደወላል፣ በሩ ይከፈታል፤ ያ ጥሪ ግን ይናፍቀኛል።

ቡችላችን መቻል የመጣልን ክረምት ላይ ነው። ወንድ አያቴ ከጋቢያቸው እጥፋት ሲያወጡት ወተት ወተትና ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። እኛ ልንሻማው ስንል ሴት አያቴ፣ «ተቀመጡ! እሱ ራሱ ይምጣ» አሉን። መሬት ላይ ተደርድረን ጠበቅን። ከተደበቀበት ከመደቡ ሥር አፍንጫውን አወጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አወጣ። በመጨረሻ የእኔን አውራ ጣት ላሰ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አሁንም አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ የመቻል ትምህርት ቤት የቡና ሰዓት ሆነ። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሴት አያቴ ለእያንዳንዷ እንግዳ ቁራሽ ቂጣ ያስይዛሉ፤ «እንዳላየሽ ሁኚ» ይላሉ። ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፤ እሱ የቀሚሳቸውን ጠርዝ እያሸተተ ይዞራል።

ከሁሉ የከበደው ጥላ ነበር። የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ጥላቸውን አይቶ ያ ትንሽ ፍጡር ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ። አባ አልተቆጡም። ጥላውን አጥፈው መሬት ላይ አጋደሙትና ራቅ ብለው ቆሙ። መቻል በሆዱ እየተሳበ ሄዶ አሸተተው። «በል እንግዲህ፣ ተዋወቅን» አሉ አባ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ፍርሃቱም ነበር፣ አይካድም። የእብድ ውሻ ወሬ ሲነሳ ትልልቆቹ ሆድ ላይ ስለሚወጋው መርፌ ያወሩልን ነበር፤ ዛሬ ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ ሆኗል።

አሁን ባሕር ዳር ተስፋፍታ ሰፈራችን ደጃፍ ደርሳለች። በየብረት በሩ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተጽፏል። ቡችላው ጡት እንደጣለ ጓሮ ይታሰራል፤ ምግብ ከሚሰጠው ሰው ሌላ አያይም። አድጎ ሲናከስ «ምን ነካው?» እንላለን። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚሉት የቡችላ ልብ ለአዲስ ሰው ክፍት የሚሆነው ከ3ኛው ሳምንት እስከ 3 ወር ገደማ ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወሩ ይሰጠዋል። ስለዚህ ክትባቱን ሳይጨርስ የባዘኑ ውሾች ወዳሉበት መንገድ አይወጣም፤ ሰው ወደ እሱ ይመጣለታል፤ አንድ በአንድ፣ ረጋ ብሎ። ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ከወሸቀ ወይ ጆሮውን ከጣለ ይበቃዋል፤ መሸሸጊያውን መዝጋት አይገባም። ሴት አያቴን ይህን ሁሉ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ።

በቅርቡ ባሕር ዳር ያለችው የእህቴ ልጅ ቡችላ አመጣች። «ቡና አፍይና ጎረቤት ጥሪ» አልኳት።

«ጎረቤቶቼን መች አውቃቸዋለሁ?» አለችኝ።

ቢሆንም ጠራቻቸው። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት መጡ፣ ቀጥሎ ከማዶ በር ባልና ሚስት። ቡችላው አሁን ማንንም አይፈራም። ቡናው ግን አልቀረም፤ እኔም ባሕር ዳር በገባሁ ቁጥር አይቀርብኝም።