ከሰንበቴ ወደ ለገጣፎ፦ ጓዝ ከመጫኑ በፊት



ሰንበቴን የሚያውቅ ሁሉ በእሑድ ገበያዋ ያውቃታል። በዚያ ቀን አፋሩ ከምሥራቅ ቆላ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ የደጋው አማራ ገብሱንና ባቄላውን ጭኖ፣ የጂሌው ኦሮሞ ከብቱንና ማሽላውን ይዞ፣ አርጎባውም ከመሐላቸው ሆኖ ሲገበያዩ ይውላሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማዋ ያልፋልና መንገደኛውም ወርዶ ይገዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በዚህ ገበያ ከፍየሉና ከማሽላው ዋጋ እኩል የሚወራ ሌላ ዋጋ መጥቷል። እሱም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ የቤት መሥሪያ ቦታ ዋጋ ነው።

እኛ በመምህርነታችን ይህን ወሬ የምንሰማው በገበያ ብቻ አይደለም። ለልጆቻቸው መሸኛ ሊያጽፉ የሚመጡ ወላጆችን «ወዴት ነው?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ይሆናል። «የትኛው ሰፈር? ቤቱስ የማን ነው? ልጁ የት ሊማር ነው?» ስንል ግን የሚመልስልን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ዝምታ ነው።

ሰው አገሩን የሚለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በአጣዬና በጂሌ ጥሙጋ አካባቢ በተነሣው ግጭት ከኦሮሞውም ከአማራውም የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ቤተሰብ ተበትኗል። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ሳይረጋጋ በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴና ከዚያም ወዲህ ደረሰ። በጥር 2015 ደግሞ ሌላ ግጭት ተከተለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ልጆቼን ይዤ ወደ ሰላሙ ልሂድ» ያለውን አባት ለምን ብለን አንወቅሰውም። ሥራና ትምህርት ፍለጋ የሚሄደውም እንደዚሁ መብቱ ነው። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ የሚሸጠውን የሚያውቅ ሰው እዚያ የሚገዛውንም ሊያውቅ ይገባዋል።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከሰንበቴ ወጥተው ለገጣፎ የከተሙ ሦስት ቤተሰቦችን ልንዘይር ሄደን ነበር። መንገዱን ለማያውቁት እንንገራቸው። ከሰንበቴ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ጀውሃንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ የቆላው ሙቀት ከኋላው ይቀራል። ከዚያ መኪናው እየተጠማዘዘ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ጣርማበር ይወጣል። በጣልያን ዘመን የተቆፈረውን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ዋሻ አቋርጦ የደብረ ብርሃንን ሜዳ ይይዛል። ሰንዳፋንና ለገዳዲን ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ሊገባ ሲል የሚያገኘው ለገጣፎን ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ስለቆየ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚነሣ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች አጣርቶ፣ በቀን ቢጓዝ ይመረጣል።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ለገጣፎ አዲስ አበባ አለመሆኑ ነው። ለገጣፎ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ነው። ሸገር የኦሮሚያ ክልል ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንንና ሌሎችንም በአንድ አስተዳደር ሥር አድርጎ በ2015 ያቋቋመው፣ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የሚከብ ከተማ ነው። ታክሲ ተሳፍሮ ወደ አያትና ወደ መገናኛ የሚሻገር ሰው ልዩነቱ ላይታየው ይችላል። መታወቂያ ሲያወጣ፣ ልጅ ሲያስመዘግብ፣ የቦታ ጉዳይ ሲኖረው ግን ወዲያውኑ ይታየዋል። የአዲስ አበባ ወረዳ የሸገርን ነዋሪ ጉዳይ አይፈጽምም፤ የሸገሩም እንዲሁ።

ሁለተኛውና ዋነኛው የቤቱ ነገር ነው። ከዘየርናቸው አንዱ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ሁለት በሬዎችና በሰንበቴ የነበራቸውን ቤት ሸጠው ነው የሄዱት። ቡና ከጠጣን በኋላ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና «ኡስታዝ፣ አንተ ተምረሃልና እስቲ እየው» አሉን። ከገበሬ ጋር የተፈረመ የግል ውል ነው፤ ሦስት ምስክሮች አሉበት። የመብራት ደረሰኝም አብሮ ተቀምጧል።

«ካርታውስ አባባ? ካርታ አልሰጡዎትም?» አልናቸው።

«ደላላው በቅርቡ ይወጣል ብሎን ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሆነው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌሊት ትልቅ መኪና ሲያልፍ እነቃለሁ» አሉን።

የእኚህ አባት ስጋት ከንቱ አይደለም። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ አስተዳደሩ «ሕገ ወጥ ናቸው» ያላቸውን ቤቶች በብዛት ሲያፈርስ ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ብዙዎቹ «ግብር ገብረናል፣ መብራትና ውሃ አስገብተናል» ብለው ነበር፤ ቤታቸውን ግን አላዳነውም። ሸገር ከተቋቋመ በኋላም በ2015 መፍረሱ ቀጥሎ ከመኖሪያ ቤቶች ጋር በርካታ መስጂዶች ፈረሱ። ግንቦት 18 ቀን 2015 በታላቁ አንዋር መስጂድ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በተነሣው ተቃውሞም የሰው ሕይወት አልፏል። የማፍረሱ አፈጻጸም ብዙ ወቀሳ የቀረበበት ነው። ቢሆንም ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ሰው ክርክሩ እስኪያልቅ በፈረሰ ቤት ውስጥ ሊያድር አይችልምና አስቀድሞ መጠንቀቅ የራሱ ድርሻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ በከተማ ዳር ያለ ገበሬ በግል ውል «ሸጥኩልህ» ቢልም፣ ገዢው በሕግ የሚጸና ባለይዞታነት አያገኝም። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ መሠረት የሚተላለፍበት ሥርዓት አለው። የተሠራ ቤት መግዛት የሚቻል ቢሆንም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ሕዝባችን «ውልና ማስረጃ» የሚለው ይህንኑ ነው። ቀብድ ከመክፈል በፊት የሻጩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት፣ ቦታው በፕላኑ ለመንገድ ወይም ለአረንጓዴ ስፍራ የተያዘ አለመሆኑን፣ ራስዎ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። ደላላን አይላኩ፤ የመብራት ደረሰኝም ካርታ አይደለም። ባል ሲገዛ ሚስትም ትወቅ፤ ስሟም በውሉ ላይ ይግባ። የሚሸጠው በሬ የሁለቱም ላብ ነውና።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ምክር እንግዳ መሆን አልነበረብንም። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የወረደው ዕዳን ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው። «በመተማመን ነው የተገዛዛነው» የሚለው አነጋገር ደግነት ቢመስልም፣ ያለ ጽሑፍ የተደረገ መተማመን ብዙ ወንድማማቾችን ያጣላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የመስጂድ ቦታም ቢሆን ከዚህ ውጪ አይደለም። አዲስ ሰፈር ላይ መስጂድ ለመሥራት ገንዘብ ስንዋጣ ከሁሉ በፊት «የቦታው ካርታ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጀማዓውን ይጠቅማል እንጂ አይበጠብጥም።

እንግዲህ ምን ይሻላል? የእኛ ሐሳብ መጀመሪያ መከራየት ነው። የሰንበቴውን ቤት ሳይሸጡ አከራይቶ፣ እዚያ አንድ ዓመት ተከራይቶ መኖር ከብዙ ጸጸት ያድናል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይደነግጋል። በሚሄዱበት ከተማ እንዴት እንደሚሠራበት እዚያው ወረዳ ይጠይቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ክረምቱ ምን እንደሚመስል፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሥራው የት እንደሆነ፣ ታክሲው ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ይታወቃል። በሰንበቴ በአንድ ነጠላ ሲያድር የኖረ ልጅ በለገጣፎ ብርድ ሁለት ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። እዚህ ወተቱና ማሽላው ከዘመድ ይመጣል፤ እዚያ ግን ጎመንም ሳይቀር በገንዘብ ነው።

ሦስተኛው የልጆች ትምህርት ነው። በዞናችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በስፋት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ የእኛ ልጅ በሸገር ትምህርት ቤት ገብቶ ለመቀጠል ከሌላው ይልቅ ይቀለዋል። ድንበሩን ተሻግሮ አዲስ አበባ ቢመዘገብ ግን በአብዛኛው የሚጠብቀው በአማርኛ የሚያስተምር ክፍል ነው። በአማርኛ የተማረውም በሸገር ተቃራኒው ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ቤት ከመፈለግ በፊት ትምህርት ቤቱን መፈለግ ይሻላል። የ8ኛ ክፍል ፈተና በየክልሉ የሚሰጥ ነውና በዚያ ዓመት መሐል ልጅን ማዘዋወር አይመከርም። ከትምህርት ቤት መሸኛና የውጤት ካርድ፣ ከቀበሌ ደግሞ የነዋሪነት መልቀቂያ ሳይዙ አይነሡ። የፋይዳ መታወቂያ ማን መሆንዎን ያሳያል እንጂ የነዋሪነትን ቦታ አይተካም። የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብም አባልነቱ በአዲሱ ቦታ እንዴት እንደሚቀጥል ቀድሞ ይጠይቅ። መድረሳውም አይዘንጋ፤ ሰፈሩ በእግር የሚደረስበት መድረሳ ከሌለው ልጁ የጀመረው ሒፍዝ በዚያው ሊቀር ይችላል።

አራተኛው በወረቀት የማይገዛው ነው። ከዘየርናቸው ቤተሰቦች የአንዷ እናት እንዲህ አሉን፦ «ሰንበቴ እያለሁ ቡናዬ ሳይፈላ ጎረቤት በር ላይ ነበር። እዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አቦሉንም በረካውንም ብቻዬን ጠጣሁት። አንድ ቀን የማላውቃት ጎረቤቴ ልጅ ታመመባትና አብሬያት ሐኪም ቤት አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቤት ሆነ።» እኚህ እናት የተናገሩት ከመምህሩ ምክር ይበልጣል።

በአገራችን ቅሬ የምንለውን፣ እዚያ እድር ይሉታል። ወደ አዲስ ሰፈር የገባ ቤተሰብ በመጀመሪያው ወር እድር ይግባ፤ ለሰፈሩ ኢማምም ራሱን ያስተዋውቅ። የሙስሊም መቃብር የት እንደሆነም ይጠይቅ። ይህ ለብዙዎች አስደንጋጭ ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ ቤተሰቦች አንዱ ጨቅላ ልጁ በሞተበት ቀን ጀናዛውን የት እንደሚወስድ ሳያውቅ ከቀትር እስከ ዐስር ሲንከራተት እንደነበር አጫውቶናል። የረዱት በስም እንኳ የማያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። አላህ ይስጣቸው።

ለወጣቶችም አንድ ቃል አለን። ብቻውን የሚሄድ ወጣት ቤትና ሚስት የለብኝም ብሎ አይዘናጋ። የመጀመሪያው ደመወዝ ከመምጣቱ በፊት ለሦስት ወር የሚበቃ ስንቅና አንድ የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል። ጀማዓ ያለው ወጣት ሥራ ሲጠፋም የሚጠይቀው አያጣም፤ ጀማዓ የሌለው ግን በሞላ ከተማ መሐል ብቻውን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሂዱም ቅሩም አላልንም። ሰንበቴ የቀረው ገበያዋንና ሰላሟን ይጠብቅ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት እሑድ ቀላል ሀብት አይደለምና። የሚሄደውም ካርታውን አይቶ፣ ትምህርት ቤቱን ጎብኝቶ፣ ጎረቤቱን አውቆ ይሂድ። በሚቀጥለው መሸኛ ልትጠይቁን ስትመጡ «የትኛው ሰፈር?» ለሚለው ጥያቄያችን መልስ ይዛችሁ ብትመጡ፣ መሸኛውን የምንጽፈው በደስታ ነው።

አላህ የሄደውንም የቀረውንም ይጠብቅልን። አሚን።