የተወጋው ሲረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው፡፡ እኛም እስከዛሬ አምነን ተቀብለን ኖረናል፡፡ የስቲቭ ቶምሰንን ታሪክ ያነበብን ሰሞን ግን ተረቱ አልሰራ አለን፡፡ እዚህ ጋ የተወጋውም ረስቷላ!

ስቲቭ ቶምሰን ደግሞ ማነው? ብትሉ አይፈረድባችሁም፡፡ በእኛ ሰፈር ስፖርት ማለት እግር ኳስ ነው፤ ቢበዛ ሩጫ፡፡ ቶምሰን የእንግሊዝ የራግቢ ተጫዋች ነበር፤ ያውም ፎርዋርድ፡፡ ታዲያ ፎርዋርድ ሲባል ጎል አግብቶ ማሊያ የሚያወልቀው ሰውዬ ትዝ እንዳይላችሁ፡፡ በራግቢ ከ15ቱ ተጫዋቾች 8ቱ ፎርዋርዶች ናቸው፤ ስራቸውም የጉልበት ስራ ነው፡፡ ይገፋሉ፣ ይወድቃሉ፣ ኳሷን ታግለው ያወጡና ለፈጣኖቹ ያቀብላሉ፡፡ ስክረም በሚባለው ግፊያ 8ቱ ከተጋጣሚ 8ቱ ጋር ተቆላልፈው እንደ በሬ ይገፋፋሉ፡፡ የቶምሰን ቦታ 2 ቁጥር ነው፡፡ ከፊት ረድፍ መሃል፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ባሉት ጓደኞቹ ላይ ዘርግቶ፡፡ ከኋላው የራሱ ቡድን ክብደት፣ ከፊቱ የተጋጣሚው… አንገቱና ጭንቅላቱ መሃል ላይ!

2 ቁጥር ሌላም ስራ አለው፡፡ ኳስ ከሜዳ ስትወጣ የእጅ ውርወራው የእሱ ነው፡፡

እንግዲህ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2003 ሲድኒ ላይ ነን፡፡ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ፡፡ መደበኛው 80 ደቂቃ 14 ለ14 አለቀ፡፡ ጭማሪው ሰዓት ሊገባደድ ሲልም 17 ለ17 ናቸው፡፡ እንግሊዝ የእጅ ውርወራ አገኘች፡፡ ቶምሰን ከሰልፉ ጫፍ ላለው ለሉዊስ ሙዲ አርቆ ወረወረለት፡፡ ውርወራው ትንሽ ቢዛነፍ ኳሷ የአውስትራሊያ ነበረች፡፡ አልተዛነፈም፡፡ ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ጆኒ ዊልኪንሰን ዘንድ ደረሰች፤ እሱም በደካማ እግሩ፣ በቀኙ፣ መሬት አንጥሮ መታና በምሰሶዎቹ መሃል አሳለፋት፡፡ 20 ለ17! ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ዊልኪንሰን በዊልኪንሰን ሆነ፡፡

ቶምሰን ግፊያውን ቀጠለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 በአንገት ጉዳት ጫማውን ሰቀለ፤ ተሻለኝ ብሎ ተመለሰ፤ በ2011 ያው አንገቱ ለሁለተኛ ጊዜ አሰናበተው፡፡ ለብሔራዊ ቡድኑ 73 ጊዜ ተሰልፏል፡፡

በዲሴምበር 2020፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ የመርሳት በሽታ እንደያዘው ለጋዜጣ ተናገረ፡፡ ዋንጫውን ማንሳቱን አያስታውስም፡፡ የጨዋታውን ቪዲዮ ሲያይ ራሱን ሜዳ ላይ ያየዋል፤ ግን እሱ እዚያ የነበረ አይመስለውም፡፡ እሱና ሌሎች የቀድሞ ተጫዋቾች የዓለም ራግቢን፣ የእንግሊዝንና የዌልስን ማኅበራት «ከጭንቅላት ጉዳት በቅጡ አልጠበቃችሁንም» ሲሉ ወደ ክስ ሄዱ፡፡

ይህን ስናወራ ከመሃላችን አንዷ «ማን አስገደደው? ደመወዙን በልቷል» አለች፡፡ ተከራከርን፡፡ እውነት ነው፣ ማንም አላስገደደውም፡፡ አንገቴ ሊሰበር ይችላል ብሎ የገባበት ስራ ነው፡፡ ትዝታዬን አጣለሁ ብሎ ግን አልፈረመም፡፡ ራሱም ጊዜው ወደኋላ ቢመለስ ድጋሚ እንደማይጫወት ተናግሯል፡፡ ገንዘብ ያልቃል፣ ጉልበትም ያልቃል፤ «ይህን ሰርቼ ነበር» ማለት ግን እስከ እርጅና የማይቋረጥ ጡረታ ይመስለን ነበር፡፡ ለካ እሱም ይወሰዳል! ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ አይደል?

የተወጋው ከረሳ ታዲያ ማን ያስታውስ? ራግቢ አሁን አንድ መልስ አግኝቷል፡፡ ከ2024 ጀምሮ በትልልቆቹ ውድድሮች ተጫዋቾች የሚነክሱት የጥርስ መከላከያ ውስጥ የግጭቱን ኃይል የሚመዘግብ መሳሪያ ገብቷል፡፡ ቶምሰንም በ2021 ከሞተ በኋላ አንጎሉ ለምርምር እንዲውል ቃል ገብቷል፡፡

ሌላው መልስ እኛን ይመለከታል፡፡ ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን?» ነበር፡፡ ስፖርት ላይ ስንደርስ መልሱ ሁልጊዜ «ያገባው» ነው፡፡ ያገባውን ማንም አይረሳውም፤ ለእሱ እኛ አናስፈልገውም፡፡ የምናስፈልገው ለገፋው ነው፡፡

እናንተም እስቲ የዚያን ቀን ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት፡፡ ዊልኪንሰን ጋ አትቸኩሉ፡፡ ትንሽ ወደኋላ መልሱትና ከመስመሩ ዳር ኳስ ይዞ የቆመውን ነጭ ለባሽ 2 ቁጥር ተመልከቱት፡፡ ወርዋሪው እሱ ነው፡፡ ቢጠፋበትም፣ ያዙለት፡፡