ችግሩ ምንድን ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ አጥር ነው። አጥርም ሰውን ከሰው ይለያልና ጨዋታው ወዴት እንደሚወስደን አብረን እናያለን።

የምኖረው ዳብሊን ነው። የአየርላንዷን ሳይሆን ከኦክላንድ በስተምሥራቅ ያለችውን፣ ከባርት ባቡር መስመሮች አንዱ የሚያበቃባትን ማለቴ ነው። ቤቱን ስንገዛ ጓሯችንን ከጎረቤት የሚለየው ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል የብሎኬት ግንብ ብቻ ነበር። ደሴ ላደገ ሰው ይህ አጥር አይባልም። የአባቴ ግቢ በባሕር ዛፍ አጠናና በቆርቆሮ የታጠረ ነበር፤ ከመንገድ የሚታየው የቤቱ ጣራ ብቻ ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ ከግንቡ ማዶ ያሉት የአገሬ ሰዎች ሆነው ተገኙ። አባወራው በዕድሜ ይበልጡኛል፤ የመቀሌ ሰው ናቸው። «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ባለቤቴ በወለደች ጊዜ የአራስ ገንፎው የተሻገረው በዚያ ግንብ ላይ ነው። ሎሚው፣ ጤና አዳሙ፣ የበዓል ድፎ ዳቦው ሁሉ በዚያው አለፈ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን በዓይናችን አየነው። ግንቡ አጥራችን ሳይሆን ጠረጴዛችን ነበር።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋረጠ፤ ጋሼ የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ወራት አለፉ። «አይዞዎት» ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ። በዓመቱ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ እኔ የወንድሜን ድምፅ አጣሁ፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ቀድሞ ዝም ያለው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ዳብሊን ላይ ግን የሚፈርም አልተገኘም። ጋሼ ጓሯቸው ውስጥ ካሉ እኔ አልወጣም፤ እኔ ከወጣሁ እሳቸው ይገባሉ።

በመጨረሻ በግንቡ ላይ የእንጨት አጥር ላስጨምር ቆረጥኩ። ለባለቤቴ «ለገመናችን ነው» አልኳት። አየት አድርጋኝ ዝም አለች።

ያመጣሁት አናጢ ሜክሲኳዊ ነው። ግንቡን በጫማው ነካ ነካ አደረገና «መሠረቱ የተሠራው ለራሱ ቁመት ነው። ጣውላ ብትጭንበት ነፋሱ እንደ ሸራ ገፍቶ ይጥለዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሰዓት በኋላ ከባሕር ሰላጤው ተነስቶ በእኛ በኩል የሚያልፈው ነፋስ አልታሞንት ኮረብታ ላይ ያሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚያሽከረክር ነው። መፍትሔው ምሰሶዎቹን ከግንቡ ጎን በየራሳቸው ጉድጓድ ተክሎ ሲሚንቶ መሙላት ነው። ለጣውላው ሬድዉድ መረጠልኝ፤ ቀዩን የውስጠኛውን ክፍል እንጂ ነጩን አይደለም፤ ቀዩ ምስጥንም እርጥበትንም ይቋቋማል።

ከዚያ «ግንቡ ድንበር ላይ ነው። ጎረቤትህ ያውቃል?» ሲለኝ የምለው ጠፋኝ።

ካሊፎርኒያ ከጥር 2014 እ.አ.አ. ጀምሮ የሚሠራ «የመልካም ጎረቤት አጥር ሕግ» የሚባል አላት። የድንበር አጥር የሁለቱም ጎረቤቶች ጥቅም ነው ብሎ ስለሚነሳ ወጪውን እኩል ያካፍላል። አጥር አሳጣሪው ለጎረቤቱ 30 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ደብዳቤው ችግሩን፣ መፍትሔውን፣ ወጪውን፣ አከፋፈሉንና ጊዜውን ይናገራል።

ማታ ደብዳቤውን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ችግሩ ምንድን ነው?» የሚል ነው። አዲስ አበባ የምሠራበት ጋዜጣ ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት እስኪዘጋ ድረስ ይህን ጥያቄ ለስንቱ ባለሥልጣን አቅርቤዋለሁ። ውጭ አገር ተምሬ ዲግሪ የያዝኩትም ስለ ጽሑፍ ነው። ያን ሌሊት ግን አንድ መስመር አቃተኝ። በመጨረሻ «ግንቡ ዝቅተኛ ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። እንግሊዝኛ «አንተ»ና «እርስዎ» ስለሌለው ለመደበቅ ይመቻል። ደብዳቤውንም እንደ ሌባ በፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ጥዬ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ደብዳቤውን ይዘው ቆመዋል።

«አማርኛ ጠፋብህ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ግማሹን እከፍላለሁ፤ ነፋሱ እኔንም አስቸግሮኛል። ብቻ በወጥ ቤቱ በኩል ያለውን አትዝጋው። ሰሐን የምናሻግርበት ይኑር።»

አንገቴን ደፋሁ። ከአፌ የወጣው ከዓመታት በፊት ልጠይቅ ይገባኝ የነበረው ነው። «ጋሼ፣ እናትዎ እንዴት ናቸው?»

«አርፋለች» አሉኝ። «የተረዳሁት ስልኩ ሲከፈት ነው።»

ያን ሰሞን በራቸው ላይ መኪና ሲደረደር በመስኮት አይቻለሁ። ድግስ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚገቡትን ሴቶች እያየሁ ድግስ ነው አልኩ! ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ የጎረቤቴን ለቅሶ አልደረስኩም። አባቴ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

«እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው። «አንተም ወንድምህ እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ ነው እንባዬ የመጣው። ወንድሜ ደኅና ነው።

አጥሩ አሁን ቆሟል፤ ቁመቱ ስድስት ጫማ ነው። በወጥ ቤቱ በኩል አራት ጫማ ያህል ስፋት ክፍት ነው፤ አሮጌው ግንብ እንደ ነበረ አለ። ስለ ጦርነቱ ገና አልተነጋገርንም፤ አንድ ቀን እንነጋገር ይሆናል፣ እንጣላም ይሆናል። ባለፈው እሑድ ግን የቡናው ቁርስ በዚያ ተሻግሯል።

አጥር ለመጨመር ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ምሰሶውን በአሮጌ ግንብ ላይ አታቁሙ። የከፍታውን ገደብ የየከተማችሁን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ለጎረቤታችሁ የምትጽፉትን ደብዳቤ፣ ቋንቋችሁን የሚያውቅ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ አትጻፉት። ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ በሐቅ መልሱ።

ቸር ይግጠመን።